ጎልማሶችን ከፊደል የሚያርቃቸው ድህነት ነው፣ ዘር ነው ወይስ ፆታ?

የማታ አስተማሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ ግዛት ውስጥ ጎልማሶች ማንበብና መጻፍ በሚማሩበት የማታ ክፍል በበጎ ፈቃድ አስተምራለሁ። ከተማሪዎቼ መካከል እዚሁ ተወልደው ያረጁ ጥቁር አሜሪካውያን አሉ፤ ከአገራችን የመጡ እናቶችም አሉ። አብዛኞቹ ሴቶች ሲሆኑ የሚኖሩት በዝቅተኛ ደመወዝ ነው። አንዲት እናት የልጃቸው ትምህርት ቤት የላከውን ደብዳቤ ቦርሳቸው ውስጥ አጣጥፈው ያመጡና፣ ሌሎቹ ወጥተው እስኪያልቁ ጠብቀው ያስነብቡኛል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «እነዚህ ሰዎች የደኸዩት ስላልተማሩ ነው» ይላል። እኔ ግን ያልተማሩትም ስለደኸዩ፣ ጥቁር ስለሆኑና ሴት ስለሆኑ ይመስለኛል። በጉዳዩ ላይ ዕውቀት ያላችሁ ብታብራሩልኝ፣ ለማስተማር የሚረዳኝንም ብትጠቁሙኝ አመሰግናለሁ።

ታሪክ ወዳድ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው። ስለ አሜሪካ ደቡብ ከተነሣ፣ መጀመሪያ የሚጠቀሰው ሕጉ ነው። ሳውዝ ካሮላይና እ.ኤ.አ. በ1740 በባርነት የተያዙ ሰዎችን ጽሕፈት ማስተማርን ከለከለች፤ በ1834 ደግሞ ንባብ ማስተማርንም ከለከለች። ባርነት ከቀረ በኋላ፣ ትምህርት ተነፍጎት የኖረው ሕዝብ ለመምረጥ ሲሄድ «ማንበብ ትችላለህ ወይ?» እየተባለ ይፈተን ጀመር። መምረጥ ያልቻለ ሰው ለልጆቹ ትምህርት ቤት የሚመደበውን ገንዘብ የሚወስኑትን ሹማምንት መምረጥም መሻርም አይችልም፤ ስለዚህ መሃይምነቱ ከወላጅ ወደ ልጅ እንዲወርስ ተደረገ ማለት ነው። ባልደረባዎ የሚሉት ይህን ሁሉ የዘለለ ነው።

ለሥራዎ የሚጠቅመው ግን የጆንስ ደሴት ታሪክ ይመስለኛል። በዚያው ግዛት፣ ቻርለስተን አጠገብ ባለችው በዚህች ደሴት፣ ኢሳው ጄንኪንስ የተባለ ሰው በአውቶቡሱ ሠራተኞችን ወደ ከተማ እያመላለሰ ለምርጫ ምዝገባ የሚጠየቀውን የሕገ መንግሥት ክፍል በመንገድ ላይ ያስጠናቸው ነበር። የጥቁሮች መብት ተሟጋች ከሆነ ማኅበር አልወጣም በማለቷ በ1956 ከመምህርነቷ የተባረረችው ሴፕቲማ ክላርክም አብራው ሠራች። በጥር 1957 በአንድ የኅብረት ሱቅ ጓሮ ክፍል ውስጥ ትምህርቱ ተጀመረ። አስተማሪዋ በርኒስ ሮቢንሰን የመምህርነት ሥልጠና ያልነበራት ፀጉር ሠሪ ነበረች፤ በራሷ ሙያ የምትተዳደር በመሆኗ ከሥራ የሚያባርራት ነጭ አሠሪ አልነበረም። የሕፃናት መማሪያ ይዛ ብትሄድም ለትልልቅ ሰዎች እንደማይመጥን አይታ ተወችው፤ ምን መማር እንደሚፈልጉም ራሳቸውን ጠየቀቻቸው። እነሱም ስማቸውን መፈረም፣ መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብ፣ በፖስታ ዕቃ የሚታዘዝበትን ቅጽ መሙላት እንደሚፈልጉ ነገሯት። ክፍሉ የሚካሄደው የእርሻ ሥራ በሚቀዘቅዝበት በብርድ ወራት ነበር። ያን የትምህርት ቤት ደብዳቤም፣ እናቲቱ ከፈቀዱ፣ ማስተማሪያ ያድርጉት።

የደሴ ልጅ፦
ከላይ የተጻፈው ትክክል ነው፤ ስለ ፆታ ግን ብዙ አልተባለም። በአገራችን በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እያደገ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቷል፤ ይህም ሰው በአፍ መፍቻው ፊደል እንዲቆጥር ስላስቻለ ትልቅ ነገር ነበር። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት መካከል ማንበብ የሚችሉት ወንዶች 69 በመቶ፣ ሴቶች ግን 42 በመቶ ብቻ ነበሩ። በአንድ ጎጆ የሚኖሩ ባልና ሚስት የሚካፈሉት ድህነት አንድ ነው፤ ውኃ የምትቀዳው፣ እንጨት የምትለቅመው፣ እንጀራ የምትጋግረው ግን እሷ ናት። ወላጆች ለአንድ ልጅ ብቻ ደብተር መግዛት ሲችሉ ለወንዱ ይገዛሉ፤ ሴቲቱ ትዳር ከያዘች በኋላ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ለመማር ቁጭ የምትልበት ጊዜ የላትም። የሴት መሃይምነት ከሁሉ በላይ የጊዜ እጦት ነው ብዬ አምናለሁ። ፊደል የቆጠሩትም ቢሆኑ፣ በቤታቸው የሚያነቡት ጋዜጣም መጽሐፍም ስለሌለ ብዙዎቹ መልሰው ረስተውታል።

ከሀይፋ፦
እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 ወደ እስራኤል ከመጡት ወገኖቻችን ብዙ እናቶች በየትኛውም ቋንቋ አንብበው አያውቁም ነበር። የዕብራይስጥ ትምህርቱ ግን በሌላ ቋንቋ ማንበብ የሚችል ሰውን በማሰብ የተዘጋጀ ነበር፤ እርሳስ አያያዝ ገና ለምትለማመድ ሴት ያ ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ አስቡት። ጎሕ ሳይቀድ ለጽዳት ሥራ የወጣች እናት ማታ ክፍል ስትገባ ዓይኗ በእንቅልፍ ይከደናል። በየቢሮው ባለሥልጣኑ እናትን ትቶ ልጇን ያነጋግራል፤ ቆዳዋም መሃይምነቷም አንድ ላይ ይመዘኑባታል። የማታ አስተማሪ ሆይ፣ ልጆች የሚጠበቁበት ክፍል አላችሁ ወይ? ከሌላችሁ መጀመሪያ እሱን ጠይቁ፤ ሰዓቱንም ከሥራ ፈረቃቸው ጋር አስማሙላቸው።