የትምህርት ቤት መዘጋት ያስከተለውን ጉዳት ከቀድሞው ማሽቆልቆል እንዴት ልለየው?

ጤና ይስጥልኝ። የመመረቂያ ጽሑፌ በኮቪድ ወቅትና ማግስት የወጡ የትምህርት ፖሊሲዎችን ይመለከታል፤ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ግን አላላውስ ብሎኛል።

የተነሣሁት ትምህርት ቤቶች ረዘም ላለ ጊዜ በተዘጉበት አገር የተማሪዎች ውጤት ይበልጥ ይወርዳል ከሚል ሐሳብ ነው። በወረርሽኙ ምክንያት ከ2021 ወደ 2022 እ.ኤ.አ. የተሸጋገረው ፒሳ (የተለያዩ አገሮች ተማሪዎችን ችሎታ የሚያነጻጽር ዓለም አቀፍ ፈተና) መጀመሪያ ላይ የሚደግፈኝ መስሎ ነበር፤ የኦኢሲዲ (የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት) አባል አገሮች የሒሳብ አማካይ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጋር ሲነጻጸር በ15 ነጥብ ገደማ ዝቅ ብሏል።

ችግሬ ስዊድን ናት። እስከ 9ኛ ክፍል ያሉትን ትምህርት ቤቶቿን በአብዛኛው ክፍት አድርጋ ከርማለች፤ የሒሳብ ውጤቷ ግን ከ502 ወደ 482 ወርዷል። ፊንላንድ ደግሞ ቁልቁል መውረድ የጀመረችው ወረርሽኙ ከመምጣቱ ከዓመታት በፊት ነው። አማካሪዬ «ስዊድንን በግርጌ ማስታወሻ እለፋት» ይሉኛል። አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ሙግቱን የምታፈርሰውን አገር ግርጌ ሥር መደበቅ አይዋጥልኝም።

ሌላም አለ። ፒሳ የሚፈትነው በትምህርት ገበታ ላይ ያሉ የ15 ዓመት ልጆችን ብቻ ነው። በመዘጋቱ ሰበብ አቋርጠው የቀሩት ከቁጥሩ ውጭ ናቸው፤ ስለዚህ ክፉኛ የተጎዳ አገር ደህና መስሎ ሊታይ ይችላል።

በዚህ ላይ የሠራችሁ ካላችሁ እባካችሁ አንድ በሉኝ። አገርን ከአገር ማወዳደሩን ትቼ በአንድ አገር ውስጥ ቀድመው የተከፈቱና ዘግይተው የተከፈቱ አካባቢዎችን ላነጻጽር? ያቋረጡትንስ በምን ስሌት ላስገባቸው?