እስከ አርብ ፈርሚ ተብያለሁ፦ የጋዝ ቦይለሬን አውጥቼ ሂት ፓምፕና ሶላር ላስገባ?

የሊድሷ፦
ሰላም እዚህ እንግሊዝ ያላችሁ እህት ወንድሞች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ቤቱንና ውሃውን የሚያሞቅልን የጋዝ ቦይለር 16 ዓመቱ ነው። ባለፈው ሳምንት ሁለት ጊዜ ጠፋብን። በሁለተኛው ሌሊት ልጆቹን እኛ አልጋ ላይ አምጥተን፣ ብርድ ልብስ ደራርበን አደርን። ሊጠግን የመጣው ሰውዬ «ይሄን ብርድ ላይወጣው ይችላል፣ መለዋወጫውም እየጠፋ ነው» ብሎን ሄደ።

በዚያው ሳምንት አንድ ሻጭ በራችንን አንኳኳ። ሂት ፓምፕ (ከውጭ አየር ሙቀት እየሳበ ቤት የሚያሞቅ የመብራት ማሽን)፣ 10 የሶላር ፓኔል፣ 10 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ። የመንግሥት ድጎማ 7,500 ፓውንድ ተቀንሶ 16,500 ፓውንድ። በብድር ከሆነ በወር 213 ፓውንድ፣ ለ10 ዓመት። «ቢል የሚባል ነገር ትረሺዋለሽ» አለኝ። እስከ አርብ ካልፈረምኩ ዋጋው ይጨምራል። ባለቤቴ ልቡ ሄዷል። እኔ ፈራሁ። እናቴ በጥር ከደሴ ትመጣለች። ጉልበቷን ያማታል፣ ብርድ አይሆንላትም። ቤቱ ባይሞቅላት ምን ይውጠኛል? ደግሞ ትልቅ የሙቅ ውሃ ታንከር ያስፈልጋል አሉኝ። ቤታችን ጠባብ ነው፣ የት እንደማስገባው ግራ ገብቶኛል። ያስገባችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።

የበርሚንግሃሙ፦
እህቴ፣ እባክሽ እንዳትፈርሚ። ቤት ድረስ መጥቶ የሚያስቸኩል ሰው የአንቺን ብርድ አስቦ አይደለም።

ኤሌክትሪሺያኑ፣ ብሪስቶል፦
እኔ በዚህ ሥራ 11 ዓመት ሆኖኛል። አሁን የምሠራው ሂት ፓምፕ ከሚተክሉ ጋር ነው። ረዘም ይላል፣ ግን ረጋ ብለሽ አንብቢልኝ።

ድጎማው እውነት ነው። ቦይለር አፕግሬድ ስኪም ይባላል፣ ለእንግሊዝና ለዌልስ ነው። በ2022 ሲጀምር 5,000 ፓውንድ ነበር፣ ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ 7,500 ሆነ። የሚያመለክተው የሚተክልልሽ ድርጅት ነው፣ ገንዘቡም ከዋጋው ላይ ይቀነሳል እንጂ በእጅሽ አይገባም። ድርጅቱ የኤምሲኤስ (የተካዮችን ብቃት የሚያረጋግጠው አካል) ምዝገባ ከሌለው ድጎማ የለም። ቁጥሩን ጠይቂና በድረ ገጻቸው ራስሽ አረጋግጪ። ሂት ፓምፕ፣ ሶላርና ባትሪ ቤት ውስጥ ሲተከሉ ደግሞ እስከ ማርች 2027 መጨረሻ ቫት የለባቸውም። አርብ የሚያልቅ ነገር የለም። ብትፈርሚም እንኳ ቤት ድረስ መጥቶ ያስፈረመሽን ውል በ14 ቀን ውስጥ የመሰረዝ መብት አለሽ።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ሂት ፓምፕ እንደ ፍሪጅ ነው፣ ተገልብጦ። ውጭ ካለው አየር ሙቀት ስቦ ወደ ውስጥ ያስገባል። በደንብ ከተተከለ በ1 ኪሎዋት ሰዓት መብራት 3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይሰጣል። ችግሩ እዚህ አገር መብራት ከጋዝ አራት እጥፍ ያህል ይወደዳል። ጋዝ በ6 ፔንስ፣ መብራት በ25 ፔንስ እናስበው። ቤትሽ በዓመት 12,000 ኪሎዋት ሰዓት ጋዝ ቢያቃጥል 720 ፓውንድ ነው፣ የጋዝ ስታንዲንግ ቻርጅ (ተጠቀምሽም አልተጠቀምሽም በየቀኑ የሚቆጠረው) ሲጨመር 830 ገደማ። ከጋዙ የተወሰነውን ቦይለሩ ያባክነዋል፣ ለቤቱ የሚደርሰው ሙቀት 10,200 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ያንኑ ሙቀት ሂት ፓምፑ በ3,400 ኪሎዋት ሰዓት መብራት ይሰጥሻል፣ 850 ፓውንድ። እኩል በይው። ትርፉ የሚመጣው ፓምፑ ከሦስት በላይ ሲሰጥሽና ለሂት ፓምፕ የሚሆን ታሪፍ ስትይዢ ነው።

ደግሞ ልብ በይ፣ አንዳንዱ «ኤሌክትሪክ ቦይለር» ይሸጣል። እሱ ሌላ ነገር ነው። በ1 ኪሎዋት ሰዓት 1 ብቻ ነው የሚሰጥሽ፣ ያንኑ ቤት በዓመት በ2,550 ፓውንድ ገደማ ነው የሚያሞቅልሽ፣ ድጎማም የለውም። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው የትኛው እንደሆነ አይተሻል?

ሶላሩ ጥሩ ነው፣ እኔም ጣሪያዬ ላይ አለ። ግን ጥር ላይ ቤት አያሞቅም። ሊድስ ውስጥ የ4 ኪሎዋት ሶላር በጁን በቀን 15 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል። በዲሴምበር 3 ካገኘሽ ተመስገን ነው። ሂት ፓምፑ ግን በቀዝቃዛ ቀን 25 እና 30 ይበላል። በዊንተር ባትሪው የሚጠቅምሽ ሌሊት በርካሽ ሰዓት መብራት ገዝቶ ለቀን ለማቆየት ነው። ቢል የሚባል ነገር ትረሻለሽ ያለሽ ሰው ይሄን አልነገረሽም።

የመጨረሻው። 213 ሲባዛ በ120 ወር 25,560 ፓውንድ ነው። 9,060ው ወለድ ነው።

የሊድሷ፦
እግዚአብሔር ይስጥህ ወንድሜ። ወረቀቱ ሂት ፓምፕ ነው የሚለው። ወለዱን ግን እንዲህ አስልቼው አላውቅም፣ ለባለቤቴ አነበብኩለት። ሰውዬው ሃያ ደቂቃ ነው የቆየው፣ ፎቅ አልወጣም።

ኤሌክትሪሺያኑ፣ ብሪስቶል፦
ፎቅ ካልወጣ አልለካም ማለት ነው። እያንዳንዱ ክፍል ምን ያህል ሙቀት እንደሚያጣ ተለክቶ መሰላት አለበት። ስንት ቤት በዚህ ተበላሸ መሰለሽ። ቤቱ ለእናትሽ ይሞቅ እንደሆነ ራስሽ መሞከር ትችያለሽ። ቦይለሩ ደህና በሆነበት ቀዝቃዛ ቀን ወደ ራዲያተር (ግድግዳው ላይ ወዳለው ማሞቂያ) የሚሄደውን ውሃ ከ70 ወደ 50 ዲግሪ አውርጂው። ሂት ፓምፕ የሚሠራው በዚያ ሙቀት አካባቢ ነው። ቀኑን ሙሉ ተይው። የሚሞቀው ክፍል ይሞቃል፣ የማይሞቀው ትልቅ ራዲያተር ይፈልጋል።

የማንቸስተሯ፦
እኛ ካስገባን ሁለት ዓመት ሆነን። የመጀመሪያው ዊንተር አስለቅሶኛል። የተከሉት ሰዎች አሮጌዎቹን ራዲያተሮች እንዳሉ ትተዋቸው ነበር። ሦስቱን በትልቅ ቀይረን ነው ቤቱ ቤት የሆነው። አሁን ሌሊትም ቀንም 20 ዲግሪ ነው። እንደ ጋዝ ሲበርድሽ ከፍተሽ ሲሞቅሽ የምትዘጊው አይደለም፣ ለቀቅ አድርገሽ የምትተይው ነው። ራዲያተሩን ስትነኪው ለብ ያለ ነው እንጂ አያቃጥልም። አማቴ መጥተው እጃቸውን አስቀምጠውበት «ይሄማ ጠፍቷል» ብለው ጋቢያቸውን ለበሱ። ቴርሞሜትሩን ወስጄ ባሳያቸውም አላመኑኝም። እናትሽን ቀድመሽ አስረጂያቸው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ የምጣዱን። ከአዲስ አበባ ያመጣሁት ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ይስባል። የእኛ ኢንቨርተር (የሶላሩንና የባትሪውን መብራት ለቤቱ የሚያደርሰው መሣሪያ) ከ3.6 ኪሎዋት አያልፍም። ቅዳሜ እንጀራ ስጋግር ባትሪው ሙሉ ቢሆንም ሂት ፓምፑ ከተነሳ የቀረውን ከዋናው የመብራት መስመር ነው የምንገዛው። የዚህ አገር ተራ ሶኬት ደግሞ 13 አምፒር ነው፣ 3 ኪሎዋት ነው የሚችለው። የእኔ ሶኬት ፕላስቲኩ ቡናማ ሆኖ እስኪቀልጥ አላወቅሁም። አሁን ለምጣዱ የራሱን መስመር አስዘርግቻለሁ። አንቺም ኤሌክትሪሺያን ቤትሽ ሲገባ አብረሽ አሠሪው።

ጋሼ፣ ለንደን፦
ልጆቼ፣ ይሄን ሳነብ ልቤ ሌላ ቦታ ሄደ። እኔ ሼፊልድ ስገባ ቆጣሪው ሳንቲም ይበላ ነበር። ሃምሳ ፔንስ ካላጎረስከው ጋዙ ይጠፋል። ኮቴን ለብሼ የተኛሁባቸው ሌሊቶች አሉ። በሐምሌ ጭጋግ እናቴ ማንደጃውን ከበር አስገብታ፣ እኛ ዙሪያውን ተኮልኩለን፣ በቆሎ ስትጠብስልን ነው የሚታየኝ። ያ ፍም ፊት ፊታችንን ነበር የሚያሞቀን፣ ጀርባችን ይበርደው ነበር። ግን እንደዚያ ሞቆኝ አያውቅም። የሊድሷ ልጄ፣ እናትሽ ሲመጡ ከሁሉ በፊት አጠገባቸው ተቀመጪ።

የማንቸስተሯ፦
ጋሼ፣ አስለቀሱኝ። ግን እህቴ፣ እናትሽ ለቡና ከሰል ልለኩስ ካሉ ቤት ውስጥ እንዳይሆን፣ መስኮት መክፈት ብቻ አይበቃም። እዚህ ቤቱ ድፍን ነው፣ ጭሱ ባይታይም ይገድላል። የካርቦን ሞኖክሳይድ (የዚያ የማይታይ መርዝ) ማንቂያ ይሸጣል፣ አንድ ግዢ።

የበርሚንግሃሙ፦
እኔ ሌላ ሐሳብ አለኝ፣ ቅር አይበላችሁ። በ16,500 ፓውንድ ደሴ ላይ ስንት ነገር ይሠራል። ብሩ በጁላይ 2024 በገበያ ዋጋ ይሂድ ከተባለ ወዲህ ፓውንዳችሁ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ቦይለሩን በአዲስ ጋዝ ቦይለር ቀይሩ፣ የሚሠራ ቦይለር አውጡ የሚል ሕግ የለም። የተረፈውን አገር ቤት አድርጉት። ነገ የምንሄደው ወደዚያው ነው።

የማንቸስተሯ፦
ወንድሜ፣ ልጆቿ የሚያድሩት ሊድስ ነው። እኔም «ነገ እንሄዳለን» እያልኩ 14 ዓመት በአሮጌ መስኮት ብርድ ገባብኝ። ፓውንዱ እጥፍ ሆነ ትላለህ፣ ዘይቱና ጤፉስ ባለበት ቆመ? በየወሩ ከምልከው ላይ እህቴ ለቤት ኪራይ ጨምሪ እያለችኝ ነው። አገር ቤት መርዳት ግዴታዬ ነው። እዚህ በብርድ መኖር ግን ግዴታዬ አይደለም።

የበርሚንግሃሙ፦
እሺ፣ ብድሩንስ? 9,000 ፓውንድ ወለድ ለባንክ ከምትሰጥ እቁብ ትግባ። እኛ 20 ሰው ነን፣ በወር 500። ዕጣ ሲወጣ 10,000 ፓውንድ ያለ አንድ ሳንቲም ወለድ።

ኤሌክትሪሺያኑ፣ ብሪስቶል፦
እቁብ መልካም ነው፣ ግን ዕጣሽ በሃያኛው ወር ቢወጣስ? ቦይለሩ ሃያ ወር አይጠብቅም። እኛ ጋ አንዱ በሦስተኛው ወር በልቶ ስልኩን ዘጋ፣ ፍርድ ቤት ወስደን በምን ወረቀት እንከሰው? ሁሉን በአንዴ አታስገቢ። ዘንድሮ ሂት ፓምፑን፣ ሶላሩን በሚቀጥለው ዓመት።

የበርሚንግሃሙ፦
አንድ ሰው በላ ተብሎ እቁብ አይሰደብም። ዳኛና ዋስ ያለው እቁብ አይበላም። እዚህ አገር ቤት የገዛነው በእቁብ ነው።

ጋሼ፣ ለንደን፦
ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ አትኳረፉ።

የሊድሷ፦
አርብ አለፈ፣ አልፈረምኩም። ሰውዬው ሦስቴ ደወለ። የኤምሲኤስ ቁጥር ስለው «እልክልሻለሁ» አለ፣ እስካሁን አላከም።

ትላንት ቦይለሩን 50 ላይ አድርጌ ቀኑን ሙሉ ዋልኩ። ውጭው 2 ዲግሪ ነበር። ማታ ቴርሞሜትር ይዤ ዞርኩ። ሳሎን 20፣ የልጆቹ ክፍል 19። የኋላው ክፍል 16 ነው። እናቴ የምትተኛው እዚያ ነው። ራዲያተሩ ትንሽ ነው፣ በሁለት ጎኑ ደግሞ የውጭ ግድግዳ አለው። ይሄኛው ይቀየራል፣ ቢያንስ ይሄን አውቄያለሁ። ባለቤቴም በብድር የሚባለውን ነገር ትቶታል።

የእቁቡን ነገር አንብቤያለሁ፣ እናመሰግናለን። የታንከሩን ግን ማንም አልነገረኝም።

የማንቸስተሯ፦
ውይ ይቅርታ! የእኛ 200 ሊትር ነው፣ ከደረጃው ሥር አስገባነው። ስፋቱ 58 ሳንቲሜትር ነው፣ ዙሪያውን ክፍተት ይፈልጋል። ያንቺን ለክተሽ ጻፊልኝ።

የሊድሷ፦
ካፖርቶቹን አውጥቼ ለካሁት። 54 ነው።