ደቻቱ ዳር ቤት ይሠራ? ግንቡን ያመነ ይናገር

የከዚራው፦ ትናንት አንዱ የቤት ማኅበር አባል የጻፈውን አያችሁ? እዚህ ድሬዳዋ፣ ደቻቱ ወንዝ ዳር ለአረንጓዴ የተከለለው መሬት ወደ መኖሪያ ይቀየርልን ይላል። ምክንያቱም «ጎርፉ የድሮ ታሪክ ነው፣ የጎርፍ መከላከያ ግንብ ተሠርቷል»። አቦ፣ የ1998ቱ ጎርፍ ነው የድሮ ታሪክ?

ቤት ፈላጊ፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አልደበቅም። ስንት ዓመት ቆጥበን በኪራይ አለቅን። ያ መሬት መናፈሻ ሆኖ አያውቅም። ቆሻሻ ይደፋበታል፣ ፍየል ይውልበታል። አረንጓዴነቱ ፕላኑ ላይ ብቻ ነው።

የገንደ ቆሬ ልጅ፦ የድሮ ታሪክ! በዚያ ሌሊት ከ250 በላይ ሰው ነው ያለቀው። ሰፈሬ እስካሁን ሐምሌ መጨረሻ ሲደርስ እንቅልፍ የለውም። አንተ ታሪክ በለው።

ቤት ፈላጊ፦ ያኔ ይህ ግንብ አልነበረም፣ አሁን አለ። ሰው ስለሞተ ከተማ አይሠራም?

ሳቢያን ማዶ፦ ግንቡ የተሠራው እዚያ ለነበረው ሰው ነው። አዲስ ሰው ለመጋበዝ አይደለም። ሚያዝያ 2012 ጎርፍ አራት ሰው ሲገድል «የድሮ ታሪክ» የት ሄዶ ነበር?

ቤት ፈላጊ፦ እዚያው ግንቡ ጋ ነው የሞቱት? ካላወቅክ አታደባልቅ።

የባቡር ጡረተኛ፦ ልጆች፣ ደቻቱ ውሃ ብቻ አይደለም የሚያመጣው። ደንገጎ በኩል ተራራው ተራቁቷል። ከላይ ሲዘንብ አሸዋና ድንጋይ ተንከባሎ ይመጣል። አሸዋው ሲቆለል የወንዙ ወለል ከፍ ይላል። ወለሉ ከፍ ባለ ቁጥር ግንቡ ያጥራል። ማንም ሳይነካው ያጥራል። ላዩ ላይ ደግሞ አስፋልትና ቆርቆሮ በበዛ ቁጥር መሬቱ የሚመጠው ውሃ ይቀንሳል፣ ሁሉም ወደ ወንዙ ነው የሚሮጠው። አሸዋውን በየዓመቱ ማን ይጠርጋል? መጀመሪያ ይህን መልሱልኝ።

ቤት ፈላጊ፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ እርስዎ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነው የሚያወሩት። እኛ ጥላም የለንም።

የከዚራው፦ ከዚራ ምን አደረገህ ደግሞ? በፕላን ስለተሠራ ጥፋተኛ ሆነ?

የመጋላ ልጅ፦ ባቡሩን የሠሩት ፈረንሳዮች ከዚራን ለራሳቸው ነው በፕላን የሠሩት። ከደቻቱ ማዶ መጋላ ያለነውን ማን አስታወሰን? አሁን ደግሞ ከዚራ ስለ ጎርፍ ያስተምረናል። ወላሂ ድሬ ታስቃለች።

የከዚራው፦ ስለ መጋላ ማን አነሳ?!

ፕላን አንባቢ፦ ከሰፈር ወደ ሕግ እንመለስ። ፕላን አይነካም ያለ የለም። የከተማ ፕላን አዋጅ 574/2000 አለ፣ ሕዝብ ይወያይበታል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ 299/1995ም አለ። ግንቡ ስንት ውሃ ይችላል? ቤቱስ ከወንዙ በስንት ሜትር ይርቃል? ማኅበራችሁ ይህን የሚመልስ ጥናት ካለው ያውጣው።

ቤት ፈላጊ፦ ጨረቃ ቤት የሠራውን ማን ጥናት ጠየቀው? እሱ ውሎ አድሮ ካርታ ያገኛል። በማመልከቻ የጠየቅነው እንሰደባለን።

የገንደ ቆሬ ልጅ፦ እዚህ ላይ እውነት አለህ። ግን ጎርፉ ማመልከቻ አያነብም።

ሳቢያን ማዶ፦ ሳቢያን ሰፈርም እንዲሁ «ክፍት ነው» እየተባለ ነው የተሞላው። ከተማዋ የምትጠጣበት ጉድጓድ እዚያ ነው። ላዩ ላይ ቤት ሞላ፣ ሽንት ቤት ተቆፈረ። ከዚያ ውሃው ናይትሬት የሚባል፣ ከሽንት ቤት የሚሰርግ ብክለት በዛበት ተባለ። ቀድሞ የተናገረን ማን ሰማው?

የመጋላ ልጅ፦ ቆይ፣ አንተ ራስህ የት ነው የምትኖረው?

ሳቢያን ማዶ፦ ሳቢያን።

የመጋላ ልጅ፦ ሃሃሃ! ቤቱን ሠርቶ በሩን ዘጋብን።

ሳቢያን ማዶ፦ አባቴ የሠራውን ላፍርስልህ? ስለምኖርበት ነው የማውቀው።

የባቡር ጡረተኛ፦ አሸዋውን የሚጠርገውን እስካሁን የነገረኝ የለም።

ቤት ፈላጊ፦ ጋሼ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ይጥረገዋ። እሺ፣ ደቻቱ ዳር አይሁን። የት እንሥራ? አንድ ቦታ ጥሩልኝ።

የከዚራው፦ መልካ ጀብዱ በኩል ሜዳ ሞልቷል።

ቤት ፈላጊ፦ መልካ ጀብዱ? የልጆቼን የትምህርት ቤት ትራንስፖርት አንተ ትከፍላለህ?

የመጋላ ልጅ፦ ከዚራ ይክፈል!