መስማት ለተሳነው ወንድሜ በፍርድ ቤት አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ የማን ነው?

ጥያቄ፦ እህት ከየጁቤ (ባሶ ሊበን፣ ምሥራቅ ጎጃም)

የተከበራችሁ አባላት፣ ጉዳዩ የታናሽ ወንድሜ ነው። ዕድሜው 27 ሲሆን በሕፃንነቱ ማጅራት ገትር ታሞ ከዳነ ወዲህ መስማት አይችልም። ደብረ ማርቆስ ዘመድ ዘንድ ተቀምጦ ለጥቂት ጊዜ በልዩ ፍላጎት ክፍል ቢማርም ትምህርቱን ሳይገፋበት ስለተመለሰ፣ ስሙን ከመጻፍና ጥቂት የምልክት ቃላትን ከማወቅ አላለፈም። ከእናታችንና ከእኔ ጋር የሚግባባው ቤት ውስጥ ባበጀነው ምልክት ነው። ከአባታችን የወረሰውንና በስሙ ደብተር የወጣለትን መሬት ራሱ ያርሳል፤ ገበያ ወጥቶም በሬ መርጦና ዋጋ ተከራክሮ ገዝቶ ይመለሳል።

አምና አንድ የሥጋ ዘመዳችን ሁለት ምስክሮች ይዞ መጣና ወደ ማሳው እያመለከተ አንድ ጣቱን አሳየው። ወንድሜ መሬቱን ለአንድ ምርት ዘመን እንደሚያከራይ ተረድቶ በቀረበለት ወረቀት ላይ አሻራውን አደረገ። ወረቀቱ ግን ኪራዩ ለ8 ዓመት ነው ይላል። ዘንድሮ ወንድሜ በሬዎቹን ጠምዶ ማሳው ሲገባ ዘመዳችን «ውል አፍርሷል» ብሎ በወረዳ ፍርድ ቤት ከሰሰው። መከላከያ መልሱን ከፍርድ ቤቱ ደጅ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ጽፎልን አስገብተናል፤ የሚለውም «ውሉን አላውቀውም» ብቻ ነው።

በመጀመሪያው ቀጠሮ ዳኛው ሲጠይቁት ወንድሜ የእኔን ፊት ያያል። «እንግዲያው አንቺ ንገሪልን» ተብዬ መናገር ስጀምር የከሳሹ ጠበቃ እህቱ መሆኔን ጠቅሰው ተቃወሙ። ፍርድ ቤቱም አስተርጓሚ ይዘን እንድንቀርብ አዝዞ ለጥቅምት ቀጠረ። አስተርጓሚ ፈልጎ ማምጣት በእርግጥ የእኛ ግዴታ ነው? የቀበሌያችን ሰዎች ደግሞ «ችሎታ የለውም ተብሎ ይፈረድና አንቺ ሞግዚት ሁኚለት፤ ያን ጊዜ አንቺ ትከራከሪያለሽ» ይሉኛል። ይህስ ይበጃል? አሻራ ያረፈበት ውልስ ሊፈርስ ይችላል?

መልስ፦ ጠበቃ (ደብረ ማርቆስ)

እህቴ፣ ከሞግዚትነቱ ልጀምር፤ ምክንያቱም ሌላው ሁሉ ቢበላሽ የሚጠገን ሲሆን ይህ ግን አንድ ጊዜ ከተፈረደ ለመመለስ አስቸጋሪ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 192 ማንኛውም ሰው በሕግ ችሎታ የለውም ካልተባለ በስተቀር የማኅበራዊ ኑሮን ሕጋዊ ተግባሮች ሁሉ ለመፈጸም ችሎታ እንዳለው ይደነግጋል። መስማት አለመቻል ይህን ችሎታ አያሳጣም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በአንቀጽ 340 ላይ ነው። ይህ አንቀጽ መስማትና መናገር የተሳናቸውን፣ ዐይነ ስውራንንና በዘላቂ ጉድለት ምክንያት ራሳቸውን መጠበቅ ወይም ንብረታቸውን ማስተዳደር የማይችሉትን ሰዎች አንሥቶ፣ ለአእምሮ ሕሙማን የተደረገውን ጥበቃ ለራሳቸው ጥቅም ሊጠይቁ ይችላሉ ይላል። ጥበቃውን ወንድምዎ ይጠቅመኛል ካለ እንዲጠይቀው የተጻፈ ነው እንጂ ዘመድ ወይም ጎረቤት ችሎታውን እንዲነጥቅበት አይደለም።

በፍርድ የተከለከለ (ማለትም ፍርድ ቤት ችሎታ የለውም ያለው) ሰው ንብረቱን በሞግዚት በኩል ካልሆነ በራሱ አያስተዳድርም፣ ከዚያ በኋላ ኑዛዜ ማድረግ አይችልም፣ ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድም አያገባም። በሬ መርጦ የሚገዛን የ27 ዓመት ጎልማሳ ለአንድ የመሬት ክርክር ብሎ እዚህ ውስጥ ማስገባት ሣሩን ዐይቶ ገደሉን አለማየት ነው። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽንም በአንቀጽ 12 አካል ጉዳተኞች ከሌሎች እኩል ሕጋዊ ችሎታ እንዳላቸው ካረጋገጠ በኋላ፣ መንግሥታት ይህንኑ ችሎታቸውን ለመጠቀም የሚያስፈልጋቸውን እገዛ እንዲያቀርቡላቸው ያስገድዳል።

ወደ አስተርጓሚው ስንመጣ፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20(7) ክርክሩ በማይረዱት ቋንቋ ሲካሄድ በመንግሥት ወጪ እንዲተረጎምላቸው የመጠየቅ መብት የሰጠው በወንጀል ለተከሰሱ ሰዎች ነው። የእናንተ ጉዳይ የፍትሐ ብሔር ስለሆነ ይህን አንቀጽ ብቻ ጠቅሳችሁ ብትሄዱ ከሳሹ በቀላሉ ይመልሰዋል። ስለዚህ ፍርድ ቤቱ አስተርጓሚ እንዲመድብ የምታቀርቡት አቤቱታ በእኩልነት መብት (አንቀጽ 25) እና ፍትሕ በማግኘት መብት (አንቀጽ 37) ላይ ይቁም። ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል መሆናቸውን አንቀጽ 9(4) ስለሚደነግግ የኮንቬንሽኑን አንቀጽ 13 አክሉበት። ይህ አንቀጽ አካል ጉዳተኞች በተከራካሪነትም ሆነ በምስክርነት ሲቀርቡ የሥነ ሥርዓት ማመቻቸት እንዲደረግላቸው ያዛል፤ የወንጀልና የፍትሐ ብሔር ብሎም አይለይም። «አማርኛ በሚነገርበት ችሎት ለአማራ አስተርጓሚ ምን ያደርግለታል?» የሚል ከመጣ ደግሞ የኮንቬንሽኑ አንቀጽ 2 የምልክት ቋንቋን እንደማንኛውም ቋንቋ የሚቆጥር መሆኑን አስታውሱ።

መልስ፦ የደጀን ልጅ

ጠበቃው ከሚሉት በተቃራኒ እኔ ለአክስቴ ሞግዚትነት አውጥቼ ጉዳዩ በቶሎ አልቆልናል። ደሃ ገበሬ ስለ ዓለም አቀፍ ስምምነት እየጠቀሰ ችሎት ፊት ይቆማል ማለት የማይመስል ነገር ነው።

መልስ፦ ጠበቃ (ደብረ ማርቆስ)

ወንድሜ፣ አክስትዎ በእርጅና ምክንያት አእምሯቸው የደከመ ከሆነ ነገሩ የተለየ ነው፤ ትክክልም ሊሆን ይችላል። እዚህ ያለው ሰው ግን የጎደለው መስማት ብቻ ነው። ከዚህም ሌላ እህቲቱ ሞግዚት ልሁን ብለው ባመለከቱ ማግስት ያው ዘመድ «የቅርብ ወንድ ዘመድ እኔ ነኝ፣ ሞግዚቱ እኔ ልሁን» ብሎ እንደማይመጣ ምን ማረጋገጫ አለ?

መልስ፦ የምልክት ቋንቋ መምህር (ባሕር ዳር)

አስተርጓሚ መጠየቁ ትክክል ቢሆንም ከአሁኑ ልታስቡበት የሚገባ ሌላ ችግር ይታየኛል። የሚመደበው አስተርጓሚ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን የተማረ ሰው ነው፤ ወንድምዎ ደግሞ የሚናገረው እናንተ ቤት የተፈጠረውን ምልክት ነው። ሁለቱ ችሎት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተገናኙ አስተርጓሚው የሚያገኘው ግማሽ መልስ ነው። በእንዲህ ዓይነት ጉዳይ የሚሻለው ሁለት ደረጃ ያለው ትርጉም ነው። ይኸውም ራሱ መስማት የተሳነው፣ ምልክት ቋንቋን ጠንቅቆ የሚያውቅና ከቤት ምልክት ተናጋሪዎች ጋር የመግባባት ልምድ ያለው ሰው በወንድምዎና በአስተርጓሚው መካከል ይሆናል። መስማት የተሳናቸው ሰዎች ማኅበር እንዲህ ዓይነት ሰው ሊጠቁማችሁ ይችላል።

ቀጠሮው ለጥቅምት መሆኑ ጠቅሟችኋል። ፍርድ ቤቱ ከፈቀደ አስተርጓሚው አስቀድሞ ከወንድምዎ ጋር ይገናኝ፤ እርስዎም «መሬት»፣ «ኪራይ»፣ «ምርት»፣ «ዓመት» የምትሉባቸውን የቤት ምልክቶች ያሳዩት። በተለይ አንድ ጣት በእናንተ ቤት አንድ ዓመት ማለት ይሁን አንድ አዝመራ ወይም አንድ ሰው፣ ክርክሩ ያለው እዚያ ላይ ስለሆነ አስተርጓሚው በዐይኑ አይቶ ይረዳው። ይህ እርስዎን አስተርጓሚ አያደርግዎትም፤ ቃሉን የሚያሳዩት ለባለሙያው ነውና።

ራስ መነቅነቅን በተመለከተም ለችሎቱ መነገር ያለበት ነገር አለ። መስማት የተሳነው ሰው «እያየሁህ ነው፣ ቀጥል» ለማለት ራሱን ይነቀንቃል። «ይህ አሻራ ያንተ ነው? ለ8 ዓመት ተስማምተሃል?» ተብሎ በተከታታይ ሲጠየቅና ሲነቀንቅ ሁለቱም «አዎ» ተብለው ይመዘገባሉ። ስለዚህ ጥያቄዎቹ አንድ በአንድ እንዲቀርቡና መልሱ በአዎና በአይደለም የሚያልቅ ሳይሆን ወንድምዎ የሆነውን ራሱ እንዲያሳይ የሚያደርግ እንዲሆን ጠይቁ። አስተርጓሚው ከዳኛው አጠገብ ይቁም፤ ከመስኮት ፊት ከቆመ ብርሃኑ እጁን ያጠቁረዋልና።

መልስ፦ መስማት የተሳነኝ ሠራተኛ (ፍኖተ ሰላም)

ከላይ ያሉትን መልሶች አንብቤ በራሴ ከደረሰው አንድ ነገር ልጨምር። በአንድ ፖሊስ ጣቢያ ለቃል ስጠራ ያለ አስተርጓሚ ጥያቄው በቃል ተነቦልኝ «ፈርም» ተባልኩ። እኔ ማንበብ ስለምችል ወረቀቱን ተቀብዬ «በጽሑፍ ካልተጠየቅሁ አልፈርምም» ብዬ ጻፍኩበት። የወንድምዎ ዕጣ ግን ከእኔ የከፋ ይሆን ነበር። ዘመዳችሁ ነገሩን ወደ ወንጀል ወስዶ «መሬቴ ውስጥ ገብቶ ሰብሌን አበላሸ» ቢል ወንድምዎ ጣቢያ ሊጠራ ይችላል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 27፣ የተያዘው ሰው ቃሉ የሚመዘገብበትን ቋንቋ በሚገባ መረዳት ካልቻለ ብቁ አስተርጓሚ እንዲቀርብለትና አስተርጓሚውም የጥያቄውንና የመልሱን ትክክለኛነት እንዲያረጋግጥ ያዛል። እናታችሁም ይህን ይወቁ፤ አስተርጓሚ ሳይመጣ አሻራ አይሰጥም።

መስማት በከፊል የሚችሉ ሰዎችም ይህን ቢያነቡ ደስ ይለኛል። ምልክት ቋንቋ የማያውቅ፣ ግን ቀርበው ሲያናግሩት የሚሰማ ሰው ጥያቄው በጽሑፍ እንዲቀርብለት ወይም ከዳኛው ፊት ለፊት እንዲቀመጥ መጠየቁ ያው የማመቻቸት መብት ነው። ብዙዎቹ አፍረው ዝም ይላሉ።

መልስ፦ ጡረተኛ ሬጅስትራር (ቢቸና)

ልጄ፣ መብቱን ጠበቆቹ ነግረውሻል፤ እኔ መንገዱን ልንገርሽ። በቃል የተጠየቀ ነገር መዝገብ ውስጥ ካልገባ እንዳልተጠየቀ ይቆጠራል። የመዝገብ ቁጥሩን ጽፈሽ፣ ወንድምሽ መስማት የተሳነው መሆኑንና በቤት ምልክት የሚግባባ መሆኑን ገልጸሽ፣ ፍርድ ቤቱ ገለልተኛ አስተርጓሚ እንዲመድብ የሚጠይቅ አቤቱታ በሁለት ቅጂ በስሙ አዘጋጂ። አንዱን አስገቢና በሌላው ላይ ገቢ የሆነበትን ቀንና ማኅተም አስደርገሽ ያዥ።

የከሳሹ ጠበቃ አንቺን መቃወማቸው አያስከፋሽ፤ ለእናንተ የሚጠቅም ነገር ነው የተናገሩት። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 126 የተከሳሽ ወይም የከሳሽ ዘመድ የሆነ ወይም በጉዳዩ ምስክር የሆነ ሰው በአስተርጓሚነት እንዳይመረጥ ይከለክላል፤ ብቁ አስተርጓሚ የሚመርጠውም ፍርድ ቤቱ ነው። ጉዳያችሁ ወንጀል ባይሆንም «ዘመድ አይተርጉም ከተባለ ገለልተኛውን ችሎቱ ይምረጥልን» ብላችሁ የእሳቸውኑ መቃወሚያ መልሳችሁ መጠቀም ትችላላችሁ። በጥቅምት አስተርጓሚ ሳይኖር ክርክሩ ይቀጥል ከተባለ ተቃውሟችሁ በመዝገብ እንዲሰፍር ጠይቁ፤ ለዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይግባኝ ስትሉ የምትይዙት እሱን ነው።

ተጨማሪ ጥያቄ፦ እህት ከየጁቤ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሞግዚትነቱን ነገር ትቼዋለሁ። የቀረኝ የአሻራው ጉዳይ ነው፤ ጠበቃ ለማቆምም አቅም የለንም።

መልስ፦ ጠበቃ (ደብረ ማርቆስ)

«ውሉን አላውቀውም» የሚለው መልስ ያስጎዳችኋል፤ ምስክሮቹ አሻራውን ሲያደርግ አይተናል ካሉ ወንድምዎ ዋሾ ሆኖ ይታያል። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 91 መሠረት መልሱ እንዲሻሻል አመልክቱ። በተሻሻለው መልስ አሻራ ማድረጉን እመኑ፣ ነገር ግን የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1728(3)ን አንሡ። በዚህ አንቀጽ መሠረት ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ፊርማው ወይም አሻራው በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ በስተቀር አይገደድበትም። ከሳሹ «ስሙን ይጽፋል» ማለቱ አይቀርም፤ ስምን መጻፍ የ8 ዓመት ውል አንብቦ መረዳት አይደለም፣ ስሙን እየጻፈ አሻራ እንዲያደርግ መደረጉም በራሱ የሚያጠያይቅ ነው። ሁለተኛው መከራከሪያ ማታለል ነው፤ ይህን መሠረት አድርጎ ውል ለማፍረስ አንቀጽ 1810 የሚሰጠው ጊዜ ምክንያቱ ከቀረ በኋላ 2 ዓመት ብቻ ስለሆነ አታዘግዩት። አንቀጽ 340ን ብትጠቅሱም በአማራጭነት ብቻ ይሁን፤ ዋናው መከራከሪያ ካደረጋችሁት ከሳሹ «እንግዲያው ሞግዚት ይሾምለት» ሊል ይችላል። ውሉ በወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ተመዝግቦ እንደሆነም ሄዳችሁ አረጋግጡ።

ስለ ገንዘቡ፣ የዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ስለሚሰጡ ደብረ ማርቆስ መጥታችሁ ጠይቁ። ውሉን ለማስፈረስ የራሳችሁን ክስ የምታቀርቡ ከሆነ ደግሞ የሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 467 ጀምሮ የዳኝነት ክፍያ ሳይከፍሉ በድህነት መክሰስ የሚቻልበትን መንገድ ይዟል። ስትመጡ የይዞታ ደብተሩን፣ የክሱን ቅጂና ያስገባችሁትን መልስ ያዙ፤ ወንድምዎም አብሮ ይምጣ፤ ጉዳዩ የእሱ ነውና።

መልስ፦ ጡረተኛ ሬጅስትራር (ቢቸና)

አንድ ነገር ልጨምር። ፍርድ ቤቶች ለክረምት ዕረፍት ስለሚዘጉ ሁለቱንም ማመልከቻዎች፣ የአስተርጓሚውንም የመልስ ማሻሻያውንም፣ በዚህ ሳምንት አስገቡ።