ብቻዬን የሠራሁ ፊዚዮቴራፒስት ስለ ሥራ ክፍፍል ስጠየቅ ምን ልመልስ?

በምሥራቅ ጎጃም በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ብቸኛው ፊዚዮቴራፒስት (የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያ) ሆኜ 5 ዓመት ሠርቻለሁ፤ ዲግሪ፣ የታደሰ የሙያ ፈቃድና የሥራ ልምድ ማስረጃ አለኝ። አንድ ደረጃ ከፍ ላለ የሥራ መደብ ሁለት ጊዜ ተወዳድሬ፣ የጽሑፍ ፈተናውን ባልፍም በቃለ መጠይቁ ወደቅሁ። በስትሮክ አንድ ጎኑ የሰነፈ ታካሚን ትከሻ ስለ መንከባከብ ሲጠይቁኝ፣ ክንዱን በትራስ መደገፍንና እጁን ይዞ አለመጎተትን ጨምሬ ያለ ችግር አስረዳሁ። «2 ጀማሪ ባለሙያዎችና 14 ታካሚዎች ቢኖሩዎት ሥራውን እንዴት ያከፋፍላሉ?» ሲሉኝ ግን፣ ክፍሌ አንድ አልጋ ብቻ ያለው፣ የማከፋፍለውም ሰው የሌለኝ በመሆኑ ዝም አልኩ። በመጪው ወር ደብረ ማርቆስ ላይ እንደገና እፈተናለሁ፤ አስታማሚዎችን የቤት ውስጥ እንቅስቃሴ ማስተማሬን፣ ነርሶችንም ታካሚ ማገላበጥ ማሳየቴን እንደ አመራር ልምድ ባቀርብ ፈታኞች ይቀበሉኛል?