ከቦሌ አረብሳ ሜክሲኮ ጠዋት ጠዋት እንዴት ነው የምትደርሱት?

የአረብሳዋ፦
ሰላም ቤተሰብ። ሜክሲኮ አካባቢ አዲስ ስራ ጀምሬያለሁ፤ መግቢያ ሰዓቴ 2፡30 ነው። የምሄደው በጎሮ አድርጌ መገናኛ፣ ከዚያ ሜክሲኮ ነው። ታክሲዎቹ ግን መንገዱን ይቆርጡታል። "ጎሮ ጎሮ" ብሎ ጭኖን ይመጣና ጎሮ ላይ ሁላችንንም ያወርደናል፤ ገና መንገድ ሳንሻገር እዛው የቆመው ያው ወያላ "መገናኛ፣ መገናኛ!" ማለት ይጀምራል። ሁለቴ ክፈሉ ነው ነገሩ። ማታማ አይነሳ፤ ሰልፉ ይዞራል፣ ታክሲ የለም። በራይድ እንዳልመላለስ ደሞዜ አይችለውም። እስቲ መላ በሉኝ።

ባቡር ወዳድ፦
እህቴ፣ መገናኛን እርሺው። ከአረብሳ አያት የሚል ታክሲ ያዢና ባቡር ግቢ። አያት መነሻ ስለሆነ ጠዋት መቀመጫ የማግኘት እድል አለሽ፣ ሳትቀይሪ ሜክሲኮ ያደርስሻል። ማታ ግን ሜክሲኮ ላይ አትቁሚ፣ እዛ ሲደርስ ጢም ብሎ ነው። በእግርሽ ወደ ልደታ መለስ ብለሽ ከዚያ ተሳፈሪ። ልደታ ላይ የቃሊቲውም ባቡር በዚያው ሃዲድ ስለሚያልፍ ሳትጠይቂ ዘለሽ እንዳትገቢ፣ ሳሪስ ትገኛለሽ። ቦርሳሽን ከፊትሽ አድርጊ፣ ስልክ በግፊያ ነው የሚሄደው።

ሲኤምሲ፦
ባቡሩ ከመጣ አይደል! በ2008 ሲጀመር ለሁለቱም መስመር 41 ባቡር ነበር የመጣው፤ ከዚያ በኋላ ስንቱ መለዋወጫ አጥቶ ቆመ። አንዱ ካለፈሽ ሌላውን ስትጠብቂ መግቢያሽ ያልፋል። ልሞክር ካልሽ ከጠዋቱ 1 ሰዓት በፊት አያት ድረሺ።

ህግ አዋቂ፦
ታሪፉ በርቀት ነው፣ መንገድ መቁረጥም ያስቀጣል። ታርጋውን ያዢና እዛው ላለ ትራፊክ ተናገሪ።

ሲኤምሲ፦
😂 እሷ ታርጋ ስትጽፍ ወንበሩ አለቀ።

ብሎክ ጎረቤት፦
እኛ ሰፈር የሰራው የወር ሰርቪስ ነው። ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄዱ ሰዎች ተሰባስበው ሚኒባስ በኮንትራት ይይዛሉ፣ በወር ይከፍላሉ። የኮንዶሚኒየሙን ኮሚቴ ጠይቂ፣ ብዙ ጊዜ ያውቃሉ። ግን ሙሉ ክፍያ አስቀድማችሁ እንዳትሰጡ፤ ግማሹን መጀመሪያ፣ ግማሹን ወር ሲያልቅ። ነዳጅ ሰልፍ ላይ ነኝ ብሎ የሚቀርበት ቀን ስላለ፣ ያን ቀን ሌላ መኪና እንዲልክ ወይ ከሂሳቡ እንዲቀንስ ከመጀመሪያው ተነጋገሩ። እኛ ይቺን ሳንነጋገር ቀርተን ተጣልተናል።

ፒያሳ፦
የመንግስት ሰራተኛ ከሆንሽ መታወቂያሽን አሳይተሽ በፐብሊክ ሰርቪስ አውቶብስ ሂጂ፣ በነጻ ነው።

የአረብሳዋ፦
የግል ድርጅት ነው ባክህ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ሰኞ በአያት እሞክራለሁ። ብሎክ ጎረቤት፣ ሰርቪሳችሁ ላይ ቦታ አለ እንዴ?

ብሎክ ጎረቤት፦
አሁን ወንበሩ ሁሉ ተይዟል፣ ግን አንዷ በወሩ መጨረሻ ቤት ልትቀይር ነው። የምትወጪበትን ሰዓት በውስጥ ጻፊልኝ፣ ሹፌሩን አናግረዋለሁ።