ለጫጉላ ሲሼልስ ልንሄድ ነው፤ በጥር ይሻላል ወይስ ከፋሲካ በኋላ?

ጠያቂ፦ ሙሽራው ከአዲስ አበባ

ሰላም ለሁላችሁ። ሰርጋችን ጥር ውስጥ ነው፣ ከጥምቀት በኋላ። ለጫጉላ ሲሼልስን መርጠናል። ከቦሌ በቀጥታ በረራ 4 ሰዓት ገደማ ስለሆነ ቀለለን። አንድ ሳምንት አለን። በጀታችን መካከለኛ ነው፤ ትልልቆቹ ሪዞርቶች የሚታሰቡ አይደሉም። እጮኛዬ መዋኘት አትችልም፤ እኔም ብዙም አልችልም። በሳምንት ውስጥ ስንት ደሴት ማየት ይቻላል? ለማይዋኝ ሰው የሚሆነው ባህር ዳርቻ የትኛው ነው? እነዚያ ግዙፍ ኤሊዎችስ የት ነው የሚታዩት? ወረቀትና ክትባት ላይ የሚያስፈልግ ነገር ካለም ንገሩን። ሄዳችሁ ያያችሁ፣ እዚያ የምትኖሩም ካላችሁ እባካችሁ አግዙን።

ማሄ የምኖረው

እንኳን ደስ ያላችሁ! ለሥራ መጥቼ እዚሁ ማሄ፣ የሲሼልስ ትልቋ ደሴት ላይ ነው የምኖረው። መጀመሪያ ስለ ወሩ ልንገርህ፤ የሌላው ጥያቄህ መልስ ሁሉ ከሱ ይመጣል።

እዚህ ሙቀቱ ዓመቱን ሙሉ ያው ነው። የሚቀያየረው ነፋሱ ነው። ከኅዳር መጨረሻ እስከ መጋቢት ድረስ ከሰሜን ምዕራብ ይነፍሳል፣ ዝናብም ይዞ ይመጣል። ከግንቦት መጨረሻ እስከ መስከረም ደግሞ ከደቡብ ምሥራቅ ይነፍሳል። ያኔ ዝናቡ ይቀንሳል፤ ባህሩ ግን ይናወጣል። በመሃል፣ ሚያዝያና ጥቅምት አካባቢ፣ ነፋሱ ይተኛል። ውሃው ይረጋል፤ ወገብህ ድረስ ገብተህ ቆመህ የእግርህን ጣቶች ትቆጥራለህ።

ጥር ከዓመቱ ዝናብ በጣም የሚበዛበት ወር ነው። አንዳንዴ አንድ ሰዓት ዶፍ ጥሎ ፀሐይ ይወጣል። አንዳንዴ ግን ደመናው ተራራው ላይ ተቀምጦ ለሁለት ሦስት ቀን አይነሳም። ለሠርጋችሁ ጥርን አትቀይሩ፤ ጫጉላውን ግን ከፋሲካ በኋላ ብታደርጉት የምታዩት ሌላ ሀገር ነው። የኔ ምክር ይሄ ነው።

የማትቀይሩት ከሆነ፣ በጥር ማሄ ላይ ቦ ቫሎን ከሚባለው ባህር ዳርቻ ይልቅ አንስ ሮያል የሚባለው ዳርቻ አካባቢ እረፉ። ቦ ቫሎን ወደ ሰሜን ምዕራብ ስለሚያይ ያ ነፋስ በቀጥታ ይመታዋል። አንስ ሮያል በሌላኛው ወገን ነው፤ ፊት ለፊቱም የኮራል አጥር ስላለው ማዕበሉ ዳርቻው ሳይደርስ እዚያው ይሰበራል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ብትመጡ ኖሮ ተቃራኒውን ነበር የምነግርህ።

ጓዟን ጠቅልላ

ሦስቱንም ደሴት በአንድ ሳምንት አይቻለሁ፤ ይቻላል። ማሄ፣ ፕራስሊን፣ ላ ዲግ። ከማሄ ወደ ፕራስሊን ፈጣኑ ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ከፕራስሊን ወደ ላ ዲግ ሩብ ሰዓት ነው። ባህር ለሚያጥወለውለው ሰው የመጀመሪያው ጉዞ በነፋስ ወቅት ይከብዳል፤ መድኃኒቱን ከመሳፈራችሁ በፊት ዋጡ፣ ጀልባው ውስጥም ከኋላ ተቀመጡ። ከፊት በኩል ነው በጣም የሚያነሳውና የሚያፈርጠው።

ለእጮኛህ ደግሞ ላ ዲግ ላይ አንስ ሱርስ ዳርዣን የሚባለው አለላት። ፎቶው ላይ የምታዩት፣ የቤት ያህል ለስላሳ ግራጫ ድንጋዮች አሸዋው ላይ የተደረደሩበት ቦታ እሱ ነው። ከኮራሉ ወዲህ ያለው ውሃ ጥልቀት የለውም፤ ባህሩ ሲሸሽማ ከጉልበት አያልፍም። የማይዋኝ ሰው ውሃው ውስጥ ቁጭ ብሎ ሊውል ይችላል። መግቢያው በቀድሞ የኮኮናትና የቫኒላ እርሻ በኩል ስለሆነ ይከፈልበታል። እዚያው ግቢ ውስጥ የታጠሩ ኤሊዎችም አሉ። በጠዋት ሂዱ፤ ረፋዱ ላይ የፕራስሊን ጀልባ የቀን ጎብኚውን ሲያራግፈው ድንጋዮቹ መሃል ለፎቶ ሰልፍ ይያዛል። ላ ዲግ ካደራችሁ ይሄ አይነካችሁም።

ደሴቷ ትንሽ ናት፣ መኪናም ብዙ የለባትም። ወደቡ ጋ ብስክሌት ትከራያላችሁ፤ በቃ። ሳይክል መንዳት ትችላለች?

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በዚያችው ደሴት ምሥራቅ በኩል ግራንድ አንስ አለ። ውበቱ አይጣል ነው። ግን ከታች የሚጎትት ውሃ አለው፤ በተለይ በደቡብ ምሥራቁ ነፋስ ጊዜ አደገኛ ነው። ማስጠንቀቂያውን ያነበበ ሰው እንኳን ሲዘናጋ አይቻለሁ። አሸዋው ላይ ተቀመጡ፣ እዩት፣ ውሃው ውስጥ ግን አትግቡ።

ሙሽራው ከአዲስ አበባ

ሳይክሉን እሷ ከእኔ ትበልጣለች፤ ባሕር ዳር ነው ያደገችው። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከፋሲካ በኋላ የሚለውን ማታ እንነጋገርበታለን። ኤሊዎቹ ግን ታጥረው ሳይሆን በነፃነት ሲሄዱ ማየት ነበር የፈለግነው።

ማሄ የምኖረው

እንደዚያ ከሆነ ኩሪዩዝ ሂዱ። ፕራስሊን አጠገብ ያለች ትንሽ ደሴት ናት፤ ኮት ዶር ከሚባለው ዳርቻ ጀልባ አለ። ኤሊዎቹ እንደ ልባቸው ይዞራሉ። አንዱ እየተጎተተ መጥቶ አንገቱን ቀጥ አድርጎ ይቆማል፤ አገጩ ሥር ስታኩለት ዓይኑን ይጨፍናል። ጀርባው ላይ መቀመጥ፣ እንቁላል መንካት ክልክል ነው። ደሴቷ ቀደም ሲል የሥጋ ደዌ ሕሙማን ይኖሩባት ነበር፤ የሐኪሙ ቤት ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። በማንግሮቭ ዛፎች መሃል በእንጨት ድልድይ ተሻግራችሁ ወደዚያ ትደርሳላችሁ።

አልዳብራ የሚባለውን ደሴት ሰምታችሁ ይሆናል። ከ100,000 በላይ ኤሊ ያለው እዚያ ነው። ነገር ግን ከማሄ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፣ መግባትም በልዩ ፈቃድ ነው። ለጫጉላ አይሆንም። ጊዜ ካጠራችሁ ቪክቶሪያ ከተማ ያለው የዕፅዋት መናፈሻም ኤሊዎች አሉት።

የታሪክ ወዳጅ

ፕራስሊን ከደረሳችሁ ቫሌ ደ ሜን ሳታዩ እንዳትመለሱ። ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ የዘንባባ ጫካ ነው። ኮኮ ደ ሜር የሚባለው ዛፍ በተፈጥሮ የሚበቅለው ፕራስሊንና ኩሪዩዝ ላይ ብቻ ነው፤ ፍሬው ውስጥ ያለው ዘር ከዓለም ዘሮች ሁሉ ትልቁ ነው። አንዱ ብቻውን ከ20 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል፤ ለመብሰልም ስድስት ሰባት ዓመት ይፈጅበታል። ወንዱና ሴቱ ዛፍ ለየብቻ ናቸው። ጫካው ውስጥ ስትገቡ መጀመሪያ የሚገርማችሁ ድምፁ ነው። ቅጠሎቹ ከሰው ቁመት በላይ ስለሆኑ ነፋስ ሲነካቸው እርስ በርስ ይጋጫሉ፤ ከላይ አንድ ሰው ቆርቆሮ የሚያንኳኳ ነው የሚመስለው። ጥቁሩ በቀቀን የሚኖረውም እዚሁ ነው፤ ለማየት ዝም ብላችሁ ቁሙና አዳምጡ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ። በ1879 እ.ኤ.አ. ደብረ ታቦር ድረስ መጥቶ ከአፄ ዮሐንስ 4ኛ ጋር የተገናኘው እንግሊዛዊው ጄኔራል ጎርደን፣ ያ በኋላ ካርቱም ላይ የተገደለው፣ በ1881 እ.ኤ.አ. ሲሼልስን ጎብኝቷል። ይህን ጫካ ሲያይ ኤደን ገነት ይሄ ነው ብሎ አመነ፤ ኮኮ ደ ሜርንም መልካምና ክፉን የምታሳውቀው ዛፍ አላት። በመንፈሳዊው ሐሳቡ ባልስማማም እዚያ ቆሜ ለምን እንዲያ እንዳለ ገብቶኛል።

ከፍሬው ለማስታወሻ መግዛት ከፈለጋችሁ ቁጥርና ሕጋዊ የምስክር ወረቀት ያለውን ብቻ ግዙ። ያለ ወረቀት ኤርፖርት ላይ ይወሰድባችኋል።

የሙሽሮች እናት

ልጄ፣ እንኳን ለዚህ አበቃህ። እኔ ልጄና ባሏ ጋብዘውኝ ነው የሄድኩት። ስለ ምግቡ ልንገራችሁ፤ ሆቴል ውስጥ ሦስቴ የምትበሉ ከሆነ ገንዘባችሁ ያልቃል። ማብሰያ ያለው ገስት ሃውስ ተከራዩ። ምሳ ደግሞ በየመንገዱ በካርቶን ከሚሸጡት ግዙ፤ ሩዝ፣ የተጠበሰ ዓሣ፣ ምስር ወጥ አላቸው። ምስራቸው ቀጠን ያለ ቢሆንም እንደ ቤት ነው። በኮኮናት ወተት የሚሠሩት የኦክቶፐስ ወጥም አለ፤ ልጆቹ በጣም ወደውታል። በርበሬያቸው ኃይለኛ ነው፣ ለእኛ ችግር የለውም።

ጥር ላይ ሄዳችሁ ዝናብ ቤት ከሚዘጋባችሁ ከፋሲካ በኋላ ሂዱ፤ እኔም እንደዚያ ነው የምለው። ጾሙም ያልቅላችኋል። ከሠርግ ድካምም አርፋችሁ ትሄዳላችሁ።

ሙሽራው ከአዲስ አበባ

እናቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ምክርዎን ለእጮኛዬ አነበብኩላት፤ «እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው» አለች። ከፋሲካ በኋላ እንሄዳለን። የቀረን ወረቀቱ ነው።

ነርሷ

ቢጫ ካርድ! ይሄን ማንም አላነሳውም። ሀገራችን የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው ውስጥ ስለምትቆጠር ከዚህ የሚሄድ ሰው ሲሼልስ ሲገባ የክትባቱን ካርድ ይጠየቃል። ካርዱ መሥራት የሚጀምረው ከተወጋችሁ 10 ቀን በኋላ ነው። ስለዚህ ለመጨረሻው ሳምንት አታስቀምጡት። አንዴ ከወሰዳችሁት ዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ ከዚህ በፊት ለሌላ ሀገር ተከትባችሁ ከሆነ አሮጌውን ካርድ ፈልጉት። ወባ እዚያ የለም፣ የትንኝ መከላከያ ቅባት ግን ያዙ።

ማሄ የምኖረው

ነርሷ ልክ ናት። በተረፈ በኢትዮጵያ ፓስፖርት አስቀድሞ ቪዛ አያስፈልግም። ከመብረራችሁ በፊት ግን ኦንላይን የሚሞላና የሚከፈልበት የጉዞ ፈቃድ አለ። የደርሶ መልስ ቲኬት፣ የምታርፉበትን ቦታ ማስረጃና ለቆይታችሁ የሚበቃ ገንዘብ እንዳላችሁ የሚያሳይ ነገር ይፈለጋል። ስለዚህ ቤቶቹን ቀድማችሁ ያዙ፣ የውጭ ምንዛሪውንም ከባንካችሁ ጋር በጊዜ ጨርሱት። ድንኳን ተክሎ ማደር የተከለከለ ነው፤ «ባህር ዳር እንተኛለን» ብሎ የሚመጣ ሰው ስላለ ነው።

ቀኖቹን እንዲህ ብትከፍሏቸው እመክራለሁ፦ ሁለት ሌሊት ላ ዲግ፣ ሁለት ፕራስሊን፣ የቀረው ማሄ። ከኤርፖርት በቀጥታ ወደ ጀልባው ሂዱና ሩቁን አስቀድሙ፤ ማሄን ለመጨረሻ አድርጉት። በመመለሻችሁ ቀን ባህሩ ቢናወጥና ጀልባው ቢዘገይ አውሮፕላን አያመልጣችሁም። ማሄ ላይ አንድ ጠዋት ለኮፖሊያ ተዉ። በጫካ ውስጥ የሚወጣ አጭር ዳገት ነው፤ አናቱ ሰፊ የግራናይት ድንጋይ ሲሆን ቪክቶሪያና ትንንሾቹ ደሴቶች ከታች ይታያሉ። ዝናብ ከነበረ ድንጋዩ ያንሸራትታል፤ ያን ቀን ለሌላ አድርጉት።

መኪና ከተከራያችሁ መንዳት በግራ ነው፣ መንገዱም ጠባብ ነው። ማሄ ላይ አውቶቡሱ ይበቃችኋል። ቀኑን ስትቆርጡ እዚሁ ጻፍልኝ፤ የጀልባውን ሰዓት ከበረራችሁ ጋር አያይዤ እነግርሃለሁ።